ከዴንቨር ተራሮች እስከ ሳንታ ሞኒካ የባሕር ዳርቻ፦ እናትንና ልጆችን ይዞ በመኪና ስለመጓዝ የቀረበ የምክር ጥያቄ

የአውሮራው አባወራ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ክረምቱን እዚህ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከእኛ ጋር እያሳለፉ ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሲሆን የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ከዚያ በቀር ጤናቸው ደህና ነው። በደጋ ተወልደው በደጋ የኖሩ በመሆናቸው ባሕር አይተው አያውቁም፤ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት የፓስፊክ ውቅያኖስን እንዲያዩ ከባለቤቴ ጋር ወስነናል። በአውሮፕላን እንውሰድዎ ስንላቸው ግን፣ «አገሩን በላዩ አልፌው ምን አየሁ ልል ነው? በመኪና ከሆነ እሄዳለሁ» አሉን።

ያሰብነው መንገድ በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ ተራራውን ተሻግሮ፣ ዩታን አቋርጦ፣ መንገዱ በሚያልቅበት በኮቭ ፎርት ኢንተርስቴት 15ን በመያዝ በላስ ቬጋስ በኩል ሎስ አንጀለስ መግባት ነው። ርቀቱ ከ1,000 ማይል ጥቂት ያልፋል። ባለቤቴና እኔ እየተቀያየርን እንነዳለን፤ ልጆቻችን አንዱ የአሥራ አንድ ዓመት፣ ታናሽዋ የአራት ዓመት ናቸው።

የሚያሳስበኝ ዋናው ነገር ጊዜው ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት በኦገስት አጋማሽ ይከፈታል፤ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ቀን፣ ማለትም ኦገስት 7 ይገባል። እናቴ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ነው የሚጾሙት፤ ይህንንም በመንገድ ምክንያት ይተዉት ብዬ ለመናገር አልደፍርም። ጁላይ መጨረሻ ላይ ብንሄድ ከጾሙ በፊት እንመለሳለን፤ ነገር ግን በረሃው በዚያ ወቅት እንዴት እንደሆነ ይወራል። መንገዱን የምታውቁ ሰዎች በስንት ቀን ብንከፍለው፣ የትስ ብናድር እንደሚሻል ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የከባድ መኪና ሹፌር

ወንድሜ፣ እናትዎን እንኳን በሰላም አመጣልዎ። ይህን መንገድ በሥራዬ ምክንያት ክረምት ከበጋ እመላለስበታለሁ፤ ስለዚህ ከመኪናው በኩል ያለውን ልንገርዎ። ብዙ ሰው ጉዞውን በማይል ይከፍለዋል፤ «በቀን 500 ማይል ከነዳሁ በሁለት ቀን እደርሳለሁ» ይላል። በዚህ መንገድ ላይ ግን ማይል ብዙ ነገር አይነግርዎትም። መቁጠር ያለብዎት የትኛውን ቦታ ከቀኑ በየትኛው ሰዓት እንደሚያልፉት ነው፤ ተራራውን ከሰዓት በኋላ ዝናብና ነጎድጓድ ሳይመጣ፣ በረሃውን ደግሞ ፀሐይ ሳይበረታ ማለፍ አለብዎት።

ከዴንቨር የሚነሱት ቅዳሜና እሑድ መሆን የለበትም፤ ዓርብ ከሰዓትም አይሁን። በሳምንቱ መጨረሻ ከተማው በሙሉ ወደ ተራራ ስለሚወጣ፣ አይዳሆ ስፕሪንግስ አካባቢ መኪና ተጨናንቆ ይቆማል። በዚያ አካባቢ በግራ በኩል ክፍያ የሚጠየቅበት መስመር አለ፤ ያልተቆራረጠውን ቀለም አቋርጦ መግባትም ሆነ መውጣት በካሜራ ተይዞ ያስቀጣልና ይጠንቀቁ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሱ የአይዘንሃወርን ዋሻ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ያልፉታል። ዋሻው 3,401 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እናትዎ ከደብረ ብርሃን የመጡ ስለሆነ ከሁላችሁም ይልቅ እሳቸው ይችሉታል ብዬ እገምታለሁ።

ከዋሻው ሲወጡ እስከ ሲልቨርቶርን ድረስ ረጅምና ጠንካራ ቁልቁለት ይጠብቅዎታል። አውቶማቲክ መኪና ያላቸው ብዙ ሰዎች ማርሹን ዲ ላይ ትተው ፍሬን ብቻ እየረገጡ ይወርዳሉ፤ ፍሬኑ ይግላል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ከዚያም መያዙ እየቀነሰ ይሄዳል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ዝቅ ያድርጉትና ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይያዘው፤ ሞተሩ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ አይደንግጡ። ፍሬን ሲይዙም ጠበቅ አድርገው ፍጥነቱን ይቀንሱና ይልቀቁት፤ እግርዎን ዘወትር ላዩ ላይ አያሳርፉት። በመንገዱ ዳር በጠጠር የተሞሉ ዳገታማ መውጫዎች ያያሉ፤ እነሱ ፍሬን ለጠፋበት የጭነት መኪና የተዘጋጁ ናቸውና በምንም ምክንያት እዚያ አይቁሙ። በመውረጃው ላይ የልጆቹ ጆሮ ይደፈናል፤ ለታናሽዋ የሚታኘክ ነገር ያዘጋጁላት፤ ተኝታ ከሆነም ይቀስቅሷት።

ሌላው ግሌንውድ ካንየን ነው። ከኮሎራዶ ወንዝ ጎን ለጎን በገደል መካከል የሚያልፍ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ሲሆን፣ ከአጠቃላዩ ጉዞ እናትዎ የሚወዱት ስፍራ እሱ ይሆናል። ይሁን እንጂ በ2020 በደረሰው የደን ቃጠሎ ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር፤ በ2021 ክረምት ደግሞ እሳቱ ያራቆተው ተራራ ዝናብ ሲወርድበት ጭቃና ድንጋይ እያወረደ እንደገና ሁለት ሳምንት ያህል አዘጋው። ሲዘጋ ያለው አማራጭ በስቲምቦት ስፕሪንግስና በክሬግ በኩል መዞር ነው፤ ያ ሰዓታትን ይጨምራል። ስለዚህ በመነሻው ዕለት ጠዋት ኮትሪፕ የሚባለውን የኮሎራዶን የመንገድ መረጃ ሳይመለከቱ ከቤት አይውጡ።

ለመጀመሪያው ሌሊት ዩታ ያለውን ግሪን ሪቨር እመርጥልዎታለሁ፤ ከዴንቨር ወደ 345 ማይል ይርቃል። እዚያ ያድሩ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና ባለው ከ100 ማይል በላይ በሆነ ርቀት ላይ ማደያ የለም፤ ምግብ ቤት የለም፤ ስልክም በብዙ ቦታ አይሠራም። ያንን በንጋት፣ ታንከር ሞልተው፣ ውኃ ይዘው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት ማለፍ ይሻላል። ቤንዚንን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በዴንቨር ማደያዎች የምንቀዳው መደበኛ ቤንዚን 85 የሚል የኦክቴን ቁጥር (ቤንዚኑ የሞተር ማንኳኳትን የሚከላከልበት መጠን) አለው፤ የአብዛኛው መኪና መመሪያ ግን 87 ይላል። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ብዙም አይታይም፤ ወደ ቆላው በሙቀት ሲወርዱ ግን ሞተሩን ሊያንኳኳው ይችላልና ከግራንድ ጀንክሽን ጀምሮ 87 ይቅዱ።

በደቡቡ መንገድ የሄደች

ጋሼ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ቢሆንም ስለ ሌላው መንገድ አንድ ሰው ሊናገር ይገባል ብዬ ነው የምጽፈው። እኛ በ285 እና በ160 አውራ ጎዳናዎች በዉልፍ ክሪክ ማለፊያ አድርገን፣ በዱራንጎ፣ በሞኑመንት ቫሊና በግራንድ ካንየን በኩል ነው የወረድነው። አማትዎ... ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናትዎ አገር ማየት ነው የሚፈልጉት፤ በኢንተርስቴት ላይ የሚያዩት ብዙውን ጊዜ የጭነት መኪና ጀርባ ነው። በደቡቡ በኩል ግን በእረኞችና በበጎች መካከል፣ በቀይ አለቶች ሥር ያልፋሉ። ናቫሆ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝብ አረጋውያን በመንገድ ዳር ጌጣቸውን ሲሸጡ የእኔ እናት መኪናውን አስቁመው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ በቋንቋ ሳይግባቡ ስለ ሽመናው በእጅ ምልክት ረጅም ሰዓት ተጨዋወቱ። የግራንድ ካንየንን ጠርዝ ከመኪና ወርዶ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ማየት ይቻላል፤ ለአረጋዊ አይከብድም።

ሰዓትን በተመለከተ ግን ይጠንቀቁ፤ አሪዞና በእነዚህ የክረምት ወራት ሰዓቷን ወደፊት አታስተካክልም፤ በውስጧ ያለው የናቫሆ ግዛት ግን ያስተካክላል፤ ስለዚህ የስልክዎ ሰዓት በአንድ ቀን ውስጥ ወደፊትም ወደኋላም ሊሄድ ይችላል። ሆቴል ወይም ጉብኝት በሰዓት ከያዙ ይህ ያሳስታል።

የከባድ መኪና ሹፌር

እህቴ፣ የመንገዱን ውበት አልክድም። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለት መስመር ብቻ ያለው ተራራማ መንገድ መብዛቱ፣ ከሆስፒታል መራቁና ከፀሐይ መግቢያ በኋላ አጋዘን መንገድ ላይ መቆሙ ነው። የደም ግፊት ያለባቸውን እናትና የአራት ዓመት ሕፃን ይዤ ብሄድ፣ ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና ካለው ርቀት በቀር ቶሎ ቶሎ ከተማ የማገኝበትን መንገድ እመርጣለሁ። አባወራው ተጨማሪ ሁለት ቀን ካለውና በቀን ብርሃን ብቻ የሚነዳ ከሆነ ግን የደቡቡን መንገድ አትሂድ ብዬ አልከለክለውም።

ነርስ ከላስ ቬጋስ

ወንድሜ፣ የእኔ ምላሽ ስለ እናትዎ ጤናና ስለ ጾሙ ነው፤ እባክዎ በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

ላስ ቬጋስ በጁላይ መጨረሻም ሆነ በኦገስት መጀመሪያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ላብ በሰውነት ላይ ሳይታይ ይተናል፤ ሰው ውኃ እያጣ መሆኑን አያውቅም። አረጋውያን ደግሞ የውኃ ጥም እንደ ወጣት አይሰማቸውም። ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብዎት እናትዎ የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ነው። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት ሽንት በማብዛት የሚሠራ ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለ ሙቀት ምግብና ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቆዩ፣ ከመኪና ሲነሱ ግፊታቸው በድንገት ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ። መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ አይቀንሱ፣ አያቋርጡም፤ ከመነሳትዎ በፊት ሐኪማቸውን ያነጋግሩ።

ስለ ጾሙ እርስዎ ከመናገር መቆጠብዎ ተገቢ ነው፤ ነገሩ የልጅ ሳይሆን የንስሐ አባት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛና ለመንገደኛ የምታደርገው አስተያየት እንዳለ እናትዎ ከእርስዎ በተሻለ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ከልጃቸው አፍ ሲሰሙት «ልጄ ጾሜን ሊያስፈታኝ ነው» ብለው ይከፋሉ። የንስሐ አባታቸው አገር ቤት ከሆኑ ስልክ ደውለው ያገናኟቸውና እርስዎ ከክፍሉ ይውጡ። የእኔ ምርጫ ግን ሳይጨናነቁ ከፍልሰታ በፊት ሄደው መመለስ ነው። ያን ጊዜ የሚቀረው የረቡዕና የዓርብ ጾም ብቻ ነውና፣ በእነዚያ ቀናት አጭር መንገድ ተጉዛችሁ ቀሪውን ሰዓት ማረፍ ትችላላችሁ።

በየሁለት ሰዓቱ መኪናውን አቁማችሁ እሳቸው ወርደው ጥቂት ይራመዱ፤ ረጅም ሰዓት መቀመጥ የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። መድኃኒታቸው በቆመ መኪና ውስጥ አይቅር፤ ልጆቹማ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ብቻቸውን በመኪና ውስጥ አይቅሩ። ታናሽዋ ከመዋኛ ወጥታ በባዶ እግርዋ አስፋልት ላይ እንዳትሮጥ ይጠብቋት፤ የሞቀ አስፋልት ቆዳ አቃጥሎ ወደ ሆስፒታል የሚያመጣቸው ሰዎች በየክረምቱ አሉ።

የአውሮራው አባወራ

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ ነርሷ እንዳሉት አደረግሁ፤ ስልኩን አገናኝቼ ወጣሁ። ከንስሐ አባታቸው ጋር ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅሁም፤ እሳቸው ግን ከክፍሉ ሲወጡ፣ «ከጾሙ በፊት ወስደህ መልሰኝ፤ የነሐሴን አንድ ቅዳሴ እዚሁ አስቀድሳለሁ» ብለውኛል። ስለዚህ በጁላይ የመጨረሻ ሳምንት ማክሰኞ እንነሳለን። ሐኪማቸውም መድኃኒቱ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት እንደሆነ ነግሮን፣ በመንገድ ላይ ግፊታቸውን ጠዋትና ማታ እንድንለካ አዝዟል።

መንገዱን የከፈልነው እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ግሪን ሪቨር እናድራለን። በሁለተኛው ቀን፣ ረቡዕ በመሆኑ፣ በንጋት ተነስተን ቀትር ሳይሆን ሴይንት ጆርጅ ለመግባት አስበናል፤ ርቀቱ 285 ማይል ገደማ ነው። ሐሙስ እስከ ላስ ቬጋስ 120 ማይል ብቻ ነድተን እናርፋለን፤ ዓርብ ከመንጋቱ በፊት ወደ ሎስ አንጀለስ እንነሳለን። የደቡቡን መንገድ ባለቤቴ በጣም ወዳዋለች፤ ልጆቹ ከፍ ሲሉ እንሄድበታለን ብለን አቆይተነዋል። አሁን የሚቀረኝ የምግቡ ጉዳይና የባሕሩ ጉዳይ ነው። እናቴ የመንገድ ዳር ምግብ አይበሉም፤ እንጀራና ወጥ ይዘን ብንሄድ ይቆያል ወይ?

በደቡቡ መንገድ የሄደች

የመጀመሪያውን ቀን እንጀራው ይበላል፤ በሁለተኛው ቀን መኪና ውስጥ ሙቀት ካገኘው ይሻግታል። ወጥ ከያዙ በደንብ አቀዝቅዘው፣ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው በመጀመሪያው ቀን ይጨርሱት። ከዚያ በኋላ የሚያዋጣው ደረቁ ስንቅ ነው፤ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽም ጭምር። ድርቆሹን በሆቴሉ ውስጥ በሚገኝ ማሞቂያ በፈላ ውኃና በበርበሬ አቁላልቶ ለማረስረስ አያስቸግርም፤ ረቡዕም ይሆናቸዋል። ላስ ቬጋስ ሲደርሱ ያገራችን ምግብ ቤት ስላለ ሐሙስ አይቸገሩም።

ግሪን ሪቨር በሐብሐቡ የታወቀ ስፍራ ነው፤ በወቅቱ በመንገድ ዳር ሲሸጥ ታገኛላችሁ። ነገር ግን ከሴይንት ጆርጅ ሳታልፉ ብሉት፤ ወደ ካሊፎርኒያ ሲገቡ የግብርና ተቆጣጣሪዎች መኪና አስቁመው ፍራፍሬ ይዛችሁ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ተባይ ያመጣል የሚሉትንም ይወስዱታል።

ከሎስ አንጀለስ

እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት ያብቃን። ዓርብን መምረጣችሁ በጣም ጥሩ ነው፤ ከላስ ቬጋስ ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ የሚጨናነቀው እሑድ ከሰዓት ነውና። ሌሊት 10 ሰዓት ብትነሱ፣ ቤከር የሚባለውን ዝቅተኛ በረሃ ፀሐይ ሳትበረታ ታልፉታላችሁ። ከቪክተርቪል በኋላ የካሆን ማለፊያ ቁልቁለት አለ፤ ጋሼ ስለ ማርሽ የነገሩዎትን እዚያም ያስታውሱት። ከዚያ በኋላ የሚጠብቃችሁ የከተማው ጭንቅንቅ ነው፤ ሳን በርናርዲኖ ላይ ቁርስ በልታችሁ የሥራ ሰዓቱን ብታሳልፉ ይሻላል።

በዚህ ሰሞን ባሕሩ ዳር ጠዋት ጉም ሊሸፍነው ስለሚችል እናትዎን በማለዳ ወስደው «ባሕሩ የታለ?» እንዳይሉዎት። ረፋድ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ይሂዱ። ፀሐይ ብትሞቅም ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ነፋስም አለና ነጠላ ብቻ አይበቃቸውም፣ ጋቢ ይያዙላቸው። አሸዋ ላይ መራመድ ለጉልበት ከባድ ነው፤ በብዙ የካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻዎች አሸዋ ላይ የሚሄድ ትልልቅ ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ወንበር በነጻ ይሰጣልና በሳንታ ሞኒካ ቀድመው ይጠይቁ። እናትዎ በእንዲህ ያለው ወንበር ውኃው ጠርዝ ድረስ ሄደው እግራቸውን ማስነከር ይችላሉ።

ልጆቹን በተመለከተ ግን በጥብቅ እለምንዎታለሁ። እኛ የደጋ ሰዎች ማዕበሉን ስናይ ወደ ዳር የሚገፋ ብቻ ይመስለናል፤ በመካከሉ ግን ከዳር ወደ ባሕሩ ውስጥ የሚወስድ ጅረት በአንዳንድ ቦታ ይፈጠራል፤ ጎበዝ ዋናተኛ የሚባለውንም ሰው ይወስዳል። የነፍስ አድን ጠባቂ ማማ ባለበት ፊት ለፊት ብቻ ይሁኑ፤ ታናሽዋን እጅዋን ሳይለቁ ከቁርጭምጭሚት በማይበልጥ ውኃ ያጫውቷት። ታላቅየው የሚዋኝ ከሆነ፣ ጅረት ቢይዘው ከጅረቱ ጋር ሳይታገል ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን እየዋኘ እንዲወጣና እጁን አንስቶ እንዲጣራ ከአሁኑ ያስተምሩት።

ከባሕሩ በኋላ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ወደሚገኘው ትንሿ ኢትዮጵያ ይውሰዷቸው። ከተማው ስያሜውን በ2002 ያጸደቀው ሲሆን፣ የአገራቸውን ስም በአደባባይ ተጽፎ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። እንጀራውም እዚያው ነው።

የአውሮራው አባወራ

ጋቢውንም ወንበሩንም መዝግቤያለሁ፤ ለታላቅየው ልጄም ስለ ጅረቱ ዛሬ ማታ አስረድቼው በወረቀት ስሎ ለእኅቱ ሲያሳያት ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል፤ የመመለሻው ጉዞ እንደ መሄጃው ነው ወይስ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል?

የከባድ መኪና ሹፌር

የተለየ ነው፤ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ዳገት ይሆናልና። ከቤከር ወደ ላስ ቬጋስ ያለው ረጅም ዳገት በሙቀት ጊዜ ብዙ መኪና የሚያቆም ነው፤ በመንገዱ ዳርም የመኪናውን የአየር ማቀዝቀዣ አጥፉ የሚል ምልክት ታያላችሁ። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ከመሃል ማለፍ ከጀመረ ማቀዝቀዣውን አጥፍተው ማሞቂያውን ይክፈቱ፤ ሙቀቱን ከሞተሩ ይስባል። ካልወረደ ዳር ይዘው ይቁሙና የራዲያተሩን ክዳን እስኪበርድ አይንኩት። በዚህ ሰዓት እናትዎ መኪና ውስጥ እንዳይሆኑ ከፈለጉ፣ ዳገቱን ጎህ ሳይቀድ ማለፍ ነው መፍትሔው።

ከሎስ አንጀለስ የምትነሱት ዓርብ ከሰዓት እንዳይሆን፤ ያን ጊዜ ጭንቅንቁ ወደ ላስ ቬጋስ ይዞራል። ሰኞ ሌሊት ብትነሱ ይሻላችኋል። ከኔቫዳ ወደ ዩታ ሲሻገሩ አንድ ሰዓት ስለሚያጡ የሆቴሉን መግቢያ በዚያው ያስሉት። ጎማውን ደግሞ ከመነሻው በፊት፣ ገና ሳይሞቅ፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ያስለኩት፤ በዴንቨር የሞላችሁት አየር ከባሕር ወለል ላይ ሲለካ ጎደል ብሎ ይገኛል። ትርፍ ጎማውንም አይርሱት፤ ብዙ ሰው አራቱን አስለክቶ አምስተኛውን የሚያስታውሰው በረሃ ላይ ሲፈነዳበት ነው።